ወደ 30 ሜትር ለመውረድ፣ መጀመሪያ ፒያሳ

ባሕር ዳር እየኖርኩ የጠለቃ ኮርስ የት እንደምወስድ ለመወሰን አዲስ አበባ ሄድኩ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ውሃው ደጃፌ ላይ ነው፣ ጣና። ትኬት ቢሮው፣ ዶላሩ እና ከእኔ በፊት የጠለቁ የማውቃቸው ሰዎች ግን አዲስ አበባ ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። የጀማሪዎቹን ኮርስ፣ ኦፕን ዋተር የሚሉትን፣ ኬንያ ዲያኒ ላይ ወስጃለሁ። ለሥራ ሄጄ በዚያው ነው የጨረስኩት። ስጨርስ የተሰጠኝ የጠላቂነት ካርድ እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል። ቀጥሎ ያለው አድቫንስድ ነው፤ እሱ እስከ 30 ሜትር ይፈቅዳል። ፓዲ በሚባለው የጠለቃ ሥልጠና ድርጅት ሥርዓት አምስት ዳይቭ፣ ማለትም አምስት ጠለቃ አለው። ሁለቱ ግዴታ ናቸው፤ ጥልቅ ዳይቭ እና ውሃ ውስጥ በኮምፓስ አቅጣጫ ይዞ መሄድ። ሦስቱን ተማሪው ይመርጣል። የሌሊት ዳይቭ አለ፣ የሰመጠ መርከብ አለ፣ ሌላም ሌላም። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል።

እጩዎቼ ጅቡቲ፣ ዛንዚባር፣ ግብፅ እና ያው ዲያኒ ነበሩ። ስነሳ ልቤ ያደላው ለጅቡቲ ነው። ቅርብ ነው። ባቡርም አለው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ስድስት ኪሎ

ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ የጠለቃ መነጽሬን ከቦርሳ አወጡት። ለሐኪሙ ላሳየው ብዬ ነበር የያዝኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የውሃ መነጽር።"

"አዲስ አበባ ምን ውሃ አለና?"

ፈታሿ ፊቷ ላይ አድርጋ ሞከረችው። ጓደኛዋ ሳቀች። መለሱልኝ።

ከቦሌ ስድስት ኪሎ በራይድ 620 ብር ከፈልኩ። ባሕር ዳር በዚህ ገንዘብ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ግማሽ ቀን እዞራለሁ። መንገዱ ግን ተለውጧል። ከአራት ኪሎ ወደ ላይ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ተደርድሯል፣ የብስክሌት መስመርም ተቀብቷል። ብስክሌት ብቻ አላየሁም። የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ የሚፈልገው እሱን ነው።

የአክስቴ ቤት ከየካቲት 12 ሆስፒታል ጀርባ ነው። ጥቅምት እኛ ዘንድ የጃኬት ወር አይደለም። እዚህ ግን ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። አክስቴ ጽጌን ትጾማለች። ስለዚህ ራት ሽሮ፣ ጎመን እና ትኩስ እንጀራ ሆነ። ባሏ ጋሼ ትሪውን ትንሽ አዩትና "በጥቅምት አንድ አጥንት ነበር የሚባለው" አሉ። አክስቴ መልስ አልሰጠችም።

ጋሼ የድሮው ባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ነው ያለቀው። ጠላቂ አልነበሩም፤ የሞተር ክፍል ሰው ነበሩ። ከአሜሪካ በመጣችው "ኢትዮጵያ" በምትባለው መርከብ ላይ ሠርተዋል። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ዳህላክ እያለ?"

ዳህላክ ከመቶ በላይ ደሴት ነው። ስለ ውሃው ጥራት የሚያወሩት ሁሉ እውነት ይመስለኛል።

"ጋሼ፣ አሁን በየት በኩል ይኬዳል?"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉና ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ፒያሳ

በእግሬ በአራት ኪሎ አድርጌ ፒያሳ ሄድኩ። የማውቀው ፒያሳ ግማሹ የለም። በ2016 ነው የፈረሰው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ ሰፋፊ መንገድ አለ፣ አበባ አለ። ድሮ ስመጣ የምገባባትን ኬክ ቤት ብፈልግ ግን መሬቱን ራሱ መለየት አቃተኝ። ውበቱን አልክድም። ሰው መቀመጫ ማግኘቱም ጥሩ ነው። ብቻ አድራሻ የሚጠቁመኝ ሰው ሁሉ "ድሮ እንትን የነበረበት" እያለ ነው፤ እንትኑ ደግሞ የለም።

ጓደኛዬ ካይሮ ለሥራ ስትኖር ሻርም አል ሼክ ወርዳ አድቫንስድ የወሰደች ናት። ማኪያቶ ያዘዝነው በ95 ብር ነው። ጥሩ ማኪያቶ ነበር፤ ግን ባሕር ዳር በዚህ ዋጋ ሁለት እጠጣለሁ ማለት ይቻላል።

እሷ የምታወራው ስለ አንድ መርከብ ብቻ ነው። ቲስልጎርም ይባላል። የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ደብድበው አሰመጡት። እስካሁን ሞተር ብስክሌቶቹና የጭነት መኪኖቹ ሆዱ ውስጥ ተደርድረው አሉ። የተቀመጠበት ወለል ወደ 30 ሜትር ይጠጋል። አድቫንስድ የወሰደችው ለዚህ ስትል ነው። እጆቿን እያወናጨፈች ስትተርክልኝ አጠገባችን ያሉት ሰዎች ዞረው ያዩን ነበር።

"በቃ ግብፅ ልሂድ?" አልኳት።

"ቪዛውን ከቻልሽው። ደግሞ በክረምታቸው ውሃው ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል። አንቺ ጥቅምትን አልቻልሽ።" ጃኬቴን አየችው። "ሌላው ደግሞ፣ ርካሽ የሆነው ቦታ ሰው እንደ ታክሲ ነው የሚጭኑት። እኔ ጋር ስድስት ነበርን ለአንድ አስተማሪ። ጥልቁ ዳይቭ ላይ አንዱ አየሩን ቶሎ ጨረሰና ሁላችንም አብረን ወጣን።"

ይሄ የጠቀመኝ ምክር ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። አየርም በአራት እጥፍ ያልቃል። ስድስት ሰው ይዘህ ከወረድክ የሁሉም ዳይቭ የሚያልቀው በቸኮለው ሰው ሰዓት ነው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት የዋትስአፕ መልእክት አዘጋጀሁ። ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ነው? ዋጋው ዕቃ ኪራዩን፣ ጀልባውን፣ የፓርክ ክፍያውንና የካርዱን ገንዘብ ይጨምራል? ሦስቱን የምርጫ ዳይቭ በእውነት እኔ ነኝ የምመርጠው ወይስ ያው የተለመደውን ትሰጡኛላችሁ?

ልልክ ስል መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ዳታ ሞልቼ ላክሁት።

ምሳ በየዓይነቱ በላን፣ 280 ብር። ረቡዕ ስለሆነ ወረፋ ነበረው። ሱፍ ፍትፍቱ እጅ ያስቆረጥማል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ለገሃር

ከጅቡቲ የመጣው መልስ ጥሩ ነበር። አስተማሪው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ እንደሚመጣ ነገረኝ። የዓለም ትልቁ ዓሣ ነው። እሱን ለማየት ነው ልቤ ጅቡቲ የነበረው። ከዚያ በታማኝነት አንድ ነገር ጨመረ። ዌል ሻርኮቹ ከውሃው ወለል አጠገብ ስለሆኑ የሚታዩት በስኖርክል፣ ከላይ ተንሳፍፎ በቱቦ እየተነፈሱ ነው። ኮርስ አያስፈልግም። ይህን ያለኝ ኮርስ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ስለዚህ አመንኩት።

ጋሼ "ባቡሩን ካሰብሽማ ለገሃርን ሳታዪ" ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከስድስት ኪሎ በሚኒባስ ወረድን። ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል በእግር። ለገሃር አሁን ባቡር የለውም። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ነበር እዚህ የሚያድረው። አዲሱ ከከተማው ጠርዝ ከለቡ ነው የሚነሳው። መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረውም በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ጋሼ በድሮው ባቡር ድሬዳዋ ሲሄዱ አዋሽ ላይ የበሉትን ሁሉ ነገሩኝ። የአንበሳው ሐውልት አጠገብ ቆመን ፎቶ አነሳኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ወታደር ሆነው።

"በባቡር ከሄድሽ እኔም እሄዳለሁ" አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው።

ጠላቂ ከታች ሲቆይ በግፊቱ ምክንያት ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ይገባል። ከወጣ በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ሳይለቅ ወደ ከፍታ ከወጣ ናይትሮጅኑ በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሕመሙ መገጣጠሚያ ከመቆርጠም ጀምሮ ሽባ እስከማድረግ ይደርሳል። ስለዚህ ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት የሚጠበቅ ሰዓት አውጥቷል። አንድ ተራ ዳይቭ ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት። ተደጋጋሚ ዳይቭ ወይም ለቀናት የተጠለቀ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት። ኮርስ ማለት ሁለተኛው ነው።

ይህን የመጀመሪያው ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። ያላሰላሁት ሌላ ነበር። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ 2,438 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚስተካከለው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት። ለጠላቂ ሰውነት አዲስ አበባ መቀመጥና አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የጠለቃ መጽሐፎቹን የሚጽፉት ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው መሰለኝ፤ "ከመብረርህ በፊት" ይላሉ እንጂ "በባቡር ወደ ቤትህ ከመግባትህ በፊት" ብለው በትልቁ አይጽፉም። ባቡሩ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እና በባቡር የምመለስ ከሆነ እንደሚበር ሰው መጠበቅ አለብኝ።

ለጋሼ ሳስረዳቸው ወዲያው ገባቸው። "ከምጽዋ አስመራ ያው ነው" አሉ። "መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ሰማይ ነው የምትወጪው። ጊንዳዕ ስንደርስ ጆሯችን ድፍን ይል ነበር። ነፋሲት ላይ ደግሞ ብርዱ።" ከዚያ ትንሽ አሰቡና "ጠላቂዎቹ እንዴት ያደርጉ እንደነበር እኮ ጠይቄ አላውቅም" አሉ። እስከ ማታ ይህ ነገር ከአእምሯቸው አልወጣም።

እዚያው ለገሃር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ለሁሉም ሌላ ጥያቄ ላክሁ። "የምኖረው ከፍታ ላይ ነው። ስመለስ 2,355 ሜትር ላይ ነው የማርፈው። የመጨረሻውን ዳይቭ መቼ ታደርጉልኛላችሁ?"

መልሶቹ ማታ ገቡ። አንዱ ትምህርት ቤት "ችግር የለም፣ ጠዋት ጠልቀሽ ማታ ትበሪያለሽ" አለኝ። እሱን ሰረዝኩት። የጅቡቲው ትክክል ነበር፤ ግን ጥበቃው ሌሊት ማደር ይጠይቃል፣ ጅቡቲ ደግሞ ማደር ውድ ነው። ፍራንኩ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ እዚያ ያለ ዋጋ ሁሉ የዶላር ዋጋ ነው። የባቡሩ ርካሽነት በሆቴሉ ይበላል። የዛንዚባሩ 450 ዶላር አለኝ። ከዚያ በላይ ደሴቲቱ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግዳ ሁሉ የሚገዛው የ44 ዶላር ኢንሹራንስ አለባት። የዲያኒው 410 ዶላር ነው፣ ዕቃና ካርድ ጨምሮ፤ የፓርክ ክፍያ ለብቻ። ለአንድ አስተማሪ ከአራት ተማሪ አይበልጥም። ግን ዋጋው አይደለም የማረከኝ። ይህ ሰው ጥያቄዬን አንብቦ የቀናቱን ቅደም ተከተል ቀይሮ ነው የላከልኝ። ጥልቁን ዳይቭ ወደ መጀመሪያው ቀን አመጣው። የመጨረሻውን ቀን ጠዋት ብቻ፣ ዝቅ ባለ ጥልቀት አደረገው። በማግስቱ ከሰዓት በፊት እንዳልበር አሳሰበኝ።

"ኬንያ ነው" አልኳቸው።

"ባቡሩስ?" አሉ ጋሼ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፤ ስታዲየም እና ሜክሲኮ

ትኬቱን ጠዋት ቆረጥኩ። አዲስ አበባ ሞምባሳ ደርሶ መልስ 58 ሺህ ብር ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው የሚነፍሰው፤ ውሃው ሞቃትና ጥርት ያለ ነው።

ከዚያ ስታዲየም አካባቢ ጆሮ ሐኪም ዘንድ። የጠለቃውን የጤና ፎርም ሰጠሁት። ወጣት ሐኪም ነው። ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ይህን ፎርም አይቼ አላውቅም። ባሕር የት አለንና?"

"ኬንያ።"

"እሺ። አፍንጫሽን ያዢና ወደ ጆሮሽ ንፊ።"

ጆሮዬን እያየ ነው ያስነፋኝ። ታምቡሩ ሲንቀሳቀስ እንዳየው ነገረኝ። ለጠላቂ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ስትወርድ የጆሮህን ግፊት ማስተካከል ካልቻልክ አምስት ሜትርም አትደርስም። ፈረመልኝ። 1,200 ብር ከፈልኩ። ስወጣ "ጉንፋን ከያዘሽ እንዳትሞክሪው" አለ። ይህን ያለኝ ጥቅምት ላይ፣ ግማሽ መንገዱ በሚቆፈር ከተማ ውስጥ ነው። ማስክ ገዛሁ።

ሜክሲኮ ያለው ባንክ ግን ቀኔን በላው። ዶላር ለመንገደኛ ይሰጣል። ፓስፖርትና ትኬት ይዣለሁ።

"ቪዛሽስ?" አለችኝ ልጅቷ።

"ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ የላትም።"

"ሲስተሙ ይጠይቃል።"

"የሌለ ነገር ከየት ላምጣ?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ እህቴ። ሲስተሙ ነው።"

ለምሳ ዘጉ። ተመልሼ መጣሁ። ሌላ መስኮት ላኩኝ። እሱ ደግሞ ወደ መጀመሪያዋ መለሰኝ። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ኃላፊ ከውስጥ ወጡ። ፓስፖርቴ ላይ የድሮውን የኬንያ ማኅተም አዩ። "ይህች ሄዳ መጥታለች እኮ" አሉና ቪዛ የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ ለልጅቷ አሳዩዋት። የጠየቅሁትን ያህል ባይሆንም ለኮርሱ የሚበቃ አገኘሁ። የዶላሩን ዋጋ ስሰማ ትንሽ ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን ኮርስ ስወስድ አንዱ ዶላር ከ60 ብር በታች ነበር።

ማታ ማስነጠስ ጀመርኩ። አክስቴ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። ሐኪሙ ያልፈረመበት መድኃኒት ነው፤ ግን አክስቴን እምቢ የሚል ማን ነው? በአፍንጫዬ ጨመረችው። እንባዬ እስኪወርድ አቃጠለኝ። ጠዋት ግን አፍንጫዬ ክፍት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ መስቀል አደባባይ

ኮምፓስን መሬት ላይ መለማመድ የተለመደ ነው። አስተማሪው ከመምጣቴ በፊት አራት ማዕዘን እንድለማመድ ነግሮኛል። የጀመርክበትን አቅጣጫ ይዘህ የተወሰነ እርምጃ፣ 90 ዲግሪ ታጠፍ፣ ደግመህ፣ ደግመህ፣ መነሻህ ላይ መድረስ ነው። እስከዚያ ድረስ ዓይን ከኮምፓሱ አይነሳም። ውሃ ውስጥ ብዙ ስለማይታይ ሻሽ ራስ ላይ ጣል አድርጎ መለማመድ ይመከራል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረስኩ። ሯጮቹ ደረጃውን ሞልተውታል። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ኮምፓሴን ደረቴ ላይ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። አንዲት እናት ስእለት መስሏቸው ነው መሰለኝ ሲያልፉ አማተቡ። አንድ የአጥቢያ ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ ተከተለኝ።

"ምን ጠፍቶብሽ ነው?"

"ምንም። አራት ማዕዘን እየሠራሁ ነው።"

"እሱ እኮ አራት ማዕዘን አይደለም።"

እውነቱን ነው። ሲዘጋ መነሻዬን በብዙ ሜትር ስቶ ነው የወጣው። ሌላ ቦታ ላይ ስሞክር መርፌው በመጠኑ ሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ከሥራችን የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ኮንክሪቱ ብረት የተሞላ ነው። ኮምፓስ ደግሞ ብረት ይስበዋል። ወደ ሣሩ ወጥተን ሞከርን። ልጁ እርምጃ ቆጣሪ ሆነ። እዚያ ላይ መነሻዬ አጠገብ ዘጋሁት። ለእሱ ሻይ በብስኩት ጋበዝኩት፣ 60 ብር።

ከሰዓት በፊት ጋሼ በስልክ ጠሩኝ። ስድስት ኪሎ አጠገብ ያለ ሥጋ ቤት ናቸው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ እሳቸው ፈቃዳቸው አልሆነም። ኪሎው 1,400 ብር ሆኗል። ግማሽ ኪሎ ጥብስ አዘዙ፣ ከአጥንት ጋር። "ለአክስትሽ እንዳትነግሪ" አሉኝ። እሷ ግን ገና በር ላይ ስንደርስ አሸተተችው።

ማታ ባሕር ዳር ገባሁ። ቅድመ ክፍያውን ከዚህ ነው የላክሁት። ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ጥልቁ ዳይቭ፣ ከሰዓት ሆን ተብላ የሰመጠች ጀልባ። ዓርብ ኮምፓስ፣ ማታ የሌሊት ዳይቭ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የመጨረሻው፣ ከ12 ሜትር የማይበልጥ። በረራዬ እሑድ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው። በመሀሉ 28 ሰዓት አለኝ። ጋሼ ደግሞ ለየካቲት የጅቡቲ ባቡር ትኬት ዋጋ እያጠያየቁ ነው።